የወንጌልን ገንዘብ በቀን ሥራ መቁጠር፦ ሠንጠረዡ የደረሰበት

የአራቱ ወንጌላት የገንዘብ ሠንጠረዥ አለቀ። ከመበለቲቱ ሁለት ናስ እስከ አሥር ሺህ መክሊት ድረስ፣ በጌታ ሕይወትና ትምህርት ውስጥ ደመወዝ፣ ዋጋ፣ ዕዳ ወይም ግብር በቁጥር የተጠራበት ቦታ ሁሉ በአንድ መለኪያ ተሰልቶ ተቀምጧል። ደስ ብሎኛል፣ አልደብቅም። ስለ ድኻና ስለ ባለጸጋ የተናገረው በጥቅሉ ሲነገር ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል፤ ሂሳቡ ሲወጣ ግን ነገሩ ማን ለማን ስንት ከፈለ፣ ማን ከማን ስንት ወሰደ ወደሚል ጥያቄ ይወርዳል። ጥናቱን ለጀመራችሁ ሠንጠረዡ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት እንደሚያሳስትና አንቆ የሚይዘው ቦታ የቱ እንደሆነ ላካፍላችሁ።

የሕይወት ታሪኩን መስመር ማስያዝ ብዙ አያደክምም። ልደቱ ታላቁ ሄሮድስ ከመሞቱ በፊት ነው፤ ሄሮድስ የሞተው ደግሞ በ4 ቅ.ል.ክ. ነው ይባላል። ሉቃስ 3፥1 የዮሐንስ መጥምቅን ስብከት ከሮማው ቄሣር ከጢባርዮስ 15ኛ ዓመት ጋር ያያይዘዋል። ጲላጦስ ይሁዳን ያስተዳደረው ከ26 እስከ 36 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለስቅለት 30 ወይም 33 የሚባለውም ከዚሁ መሃል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዘመን አቆጣጠር ነው። የውጭ መጻሕፍት ቁጥር ከእኛው ጋር የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው፤ ሁለቱን በአንድ ገጽ ካቀላቀላችሁ ጲላጦስ ሳይሾም ሲፈርድ ታገኙታላችሁ። አንዱን ምረጡና ገጹ ራስ ላይ ጻፉት።

አራቱን ወንጌላት ጎን ለጎን በአራት ዓምድ አስቀምጡ። አራቱን ጨፍልቆ አንድ ወጥ ታሪክ ማድረግን እኔ በፍጹም አልመክርም። የአንዱ ወንጌል ቁጥር በሌላው ውስጥ ሲሰምጥ ልዩነቱ ይጠፋል፤ የምንፈልገው ደግሞ ልዩነቱን ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። የቂሳርያው አውሳብዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ማቴዎስን 355፣ ማርቆስን 233፣ ሉቃስን 342፣ ዮሐንስን 232 ክፍል አድርጎ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በአሥር ሠንጠረዥ አሳይቷል። ዓድዋ አጠገብ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም በሚገኙት ጥንታዊ የግዕዝ ወንጌሎች መጀመሪያ ላይ በአምድና በቅስት ያጌጡት ገጾች እነዚሁ ሠንጠረዦች ናቸው። ብዙ ሰው ሥዕሉን አድንቆ ያልፋል እንጂ መሣሪያ መሆኑን አያስተውልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «በብር ስንት ይሆናል?» ነው። ወደ ብር አትለውጡ። የዛሬው ምንዛሪ በከርሞው አይሠራም። የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ድንቢጦቹን በአምስትና በአሥር ሳንቲም አስቀምጧቸዋል፤ የዛሬ ልጅ በአምስት ሳንቲም የተገዛ ነገር አይቶ አያውቅም። የማይሸረሸረው መለኪያ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማቴዎስ 20፥2 የወይን አትክልት ሠራተኛን ቀን በአንድ ዲናር ይዋዋላል፤ ስለዚህ 1 ዲናር = 1 ቀን። ሰንበትና በዓላት ሲወጡ ዓመቱን 300 የሥራ ቀን አድርጋችሁ ያዙት።

የገንዘቡ ዝምድና እንዲህ ነው። መክሊት 60 ምናን ነው፣ ምናን 100 ዲናር፤ ስለዚህ መክሊት 6,000 ዲናር። ለቤተ መቅደስ የሚከፈለው ሁለት ድራክማ 2 ዲናር ያህል፣ ጴጥሮስ ከዓሣው አፍ ያወጣው ስታቴር 4 ነው፤ የሁለት ሰው ግብር ማለት ነው። ወደ ታች ስትወርዱ የድንቢጦቹ ዋጋ አሳርዮን ከዲናር 16 እጅ አንዱ፣ ኮድራንጤስ 64 እጅ አንዱ፣ የመበለቲቱ ሌፕቶን 128 እጅ አንዱ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአይሁድ የቃል ሕግ በተሰበሰበበት በሚሽና አቆጣጠር ኢሳር የሚባለው ሳንቲም ከዲናር 24 እጅ አንዱ ነው እንጂ 16 አይደለም። ስሙ ከአሳርዮን ጋር ስለሚመሳሰል ሁለቱን ማደባለቅ ቀላል ነው።

ዓምዶቹ ስድስት ናቸው፦ ጥቅሱ፣ የተጻፈው መጠን፣ በዲናር፣ በቀን፣ ከፋዩና ተቀባዩ፣ በመጨረሻም ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለው ነገር። ስድስተኛውን ዓምድ ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ አንዱን ብቻ አስቀሩ ብባል ሌሎቹን ሁሉ ጥዬ እሱን ነው የማስቀረው።

ከዚህ ሌላ በእርሳስ የሚሞላ የዳቦ ዓምድ ጨምሩ። ሚሽና ከቦታ ወደ ቦታ ለሚዞር ድኻ የሚሰጠው ትንሹ መጠን ስንት እንደሆነ ሲደነግግ፣ አራት ሴአ (የእህል መስፈሪያ ነው) ስንዴ በአንድ ሴላ (በ4 ዲናር) በሚሸጥበት ጊዜ አንድ የፖንድዮን ዳቦ ነው ይላል። ፖንድዮን ከዲናር 12 እጅ አንዱ ስለሆነ አንድ ዲናር 12 ዳቦ ያህል ይገዛል። በእርሳስ ያልኩት ሚሽና የተሰበሰበው በ200 እ.ኤ.አ. አካባቢ ስለሆነና ቁጥሩም የሕግ መለኪያ እንጂ የገበያ ወሬ ስላልሆነ ነው። በክፉ ቀን ምን ሊሆን እንደሚችል ራእይ 6፥6 ያሳያል፤ እዚያ አንድ ዲናር የሚገዛው የአንድ ሰው የቀን ቀለብ ስንዴ ብቻ ነው።

በዚህ መሣሪያ ማቴዎስ 20ን እንይ። እኛ የምንቆጥረው ከንጋት 12 ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ የሦስት፣ የስድስት፣ የዘጠኝና የአሥራ አንድ ሰዓቱን ቅጥር ለመረዳት ማንም አያስተረጉምልንም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተቀጠረው የሠራው አንድ ሰዓት ነው። ባለቤቱ በሠራኸው ልክ ውሰድ ቢለው የሚደርሰው ከዲናር 12 እጅ አንዱ ይሆናል፤ ያም አንድ ፖንድዮን፣ አንድ ዳቦ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚቀጥረው አጥቶ የቆመ ሠራተኛ በትክክለኛ ሂሳብ ቢከፈለው ይዞ የሚገባው ለመንገደኛ ድኻ የሚሰጠውን ትንሹን ምጽዋት ነው ማለት ነው። ባለቤቱ የከፈለው የሰዓቱን ዋጋ ሳይሆን የቤተሰብ መዋያውን ነው። የሚከፍለውም ሲመሽ ነው፤ ዘዳግም 24፥15 የድኻ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ይሰጠው ይላል። ምሳሌው ስለ መንግሥተ ሰማያት ነው የሚሉ ልክ ናቸው፤ «መንግሥተ ሰማያት ትመስላለች» ብሎ ይጀምራልና። የመንግሥቱ ጠባይ የተነገረው ግን በደመወዝ ነው።

ማቴዎስ 18 ላይ ቁጥሩ ሰው ያስደነግጣል። አሥር ሺህ መክሊት 60 ሚሊዮን ዲናር ነው፣ በ300 ሲካፈል የ200,000 ዓመት ሥራ። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ፍላቪዮስ እንደጻፈው የታላቁ ሄሮድስ ልጅ ሄሮድስ አንቲጳስ ከገሊላና ከዮርዳኖስ ማዶ ካለችው ከፔሪያ በዓመት የሚያገኘው 200 መክሊት ነበር፤ ስለዚህ የአገልጋዩ ዕዳ የሁለቱ አገሮች የ50 ዓመት ገቢ ነው። «ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» የሚለው ልመናው ሰሚዎቹን ሳያስቃቸው አልቀረም። ባልንጀራው ያለበት 100 ዲናር ደግሞ የአራት ወር ሥራ ነው፤ ታግሦ ቢጠብቀው ይከፈለው ነበር። የሁለቱ ዕዳ ልዩነት 600,000 እጥፍ ነው። (ፍላቪዮስን ስትፈልጉ በእኛ ዘንድ ዜና አይሁድ የሚባለውን የዮሴፍ ወልደ ኮርዮንን መጽሐፍ አትክፈቱ። እሱ ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ስማቸው ብቻ ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ብዙ ነው።)

ዕዳ በዚያ ዘመን ምሳሌ ማሳመሪያ አልነበረም። ዘዳግም 15 በየሰባቱ ዓመት ዕዳ ይተው ይላል። አበዳሪዎች ሰባተኛው ዓመት ሲቀርብ ማበደር ስላቆሙ፣ የአይሁድ መምህር ሂሌል ዕዳውን ለፍርድ ቤት አስረክቦ ከሰባተኛው ዓመት በኋላም ማስከፈል የሚያስችለውን ፕሮዝቡል የሚባል ውል እንደደነገገ ሚሽና ይናገራል። በ66 እ.ኤ.አ. አይሁድ በሮም ላይ ሲያምፁ ኢየሩሳሌም ውስጥ መጀመሪያ ከተቃጠሉት አንዱ የዕዳ መዛግብት ቤት ነበር። ጌታ በናዝሬት ምኩራብ ለድኾች ወንጌልንና «የተወደደችውን የጌታን ዓመት» ከኢሳይያስ ሲያነብ (ሉቃስ 4) ሰሚዎቹ ምን ዓይነት ዓመት እንደሚናፍቁ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሉቃስ 16 ላይ ያለው መጋቢ የሚቀንሰው ዕዳ በዚህ ሂሳብ ሌላ መልክ ይይዛል። አንድ ቆሮስ 30 ሴአ ነው፤ በላይኛው የሚሽና ዋጋ 30 ዲናር። 100 ቆሮስ ስንዴ 3,000 ዲናር፣ የአሥር ዓመት ደመወዝ ይሆናል። ይህን የተበደረ ሰው ጎጆ ያለው ገበሬ ሊሆን አይችልም፤ ትልቅ መሬት የተከራየ ወይም ነጋዴ ነው። የተቀነሰለት 20 ቆሮስ ብቻ የሁለት ዓመት ሥራ ነው። የዘይቱን መለኪያ ባዶስን በሊትር ስትፈልጉ ከ22 እስከ 39 የሚደርስ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ በሊትር አትድከሙ፣ 50 ባዶስ ማለት ግማሹ ዕዳ መሆኑ ይበቃል።

ዳቦውን አበርክቶ ባጠገበበት ቦታ ማርቆስና ዮሐንስን ጎን ለጎን አድርጉ። በማርቆስ 6፥37 ደቀ መዛሙርቱ የ200 ዲናር እንጀራ ገዝተን እናብላቸውን ይላሉ፤ በዮሐንስ 6፥7 ፊልጶስ 200 ዲናር ለእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እንኳ አይበቃም ይላል። 200 ዲናር 2,400 ዳቦ ነው፤ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቆጠሩ 5,000 ወንድ አለ። ለእያንዳንዱ ግማሽ ዳቦ አይሞላም። የፊልጶስ ግምት የነጋዴ ግምት ነው።

ሴቲቱ ጌታን የቀባችበት ሽቱ 300 ዲናር (ማርቆስ 14፥5፣ ዮሐንስ 12፥5) ልክ የአንድ ዓመት ሥራ ነው። ማቴዎስ ቁጥሩን ትቶ ብዙ ዋጋ ብቻ ይላል፤ የአሳልፎ ሰጪውን የይሁዳን 30 ብር ግን የሚነግረን እሱ ነው። እያንዳንዱ ብር 4 ዲናር የሚያወጣው የጢሮስ ሰቅል ከሆነ 120 ዲናር ይሆናል፤ ሴቲቱ ካፈሰሰችው ግማሹን አይደርስም።

ቤተ መቅደሱ ላይ ስንደርስ ስድስተኛው ዓምድ ሥራውን ይሠራል። ዘሌዋውያን 12፥8 ጠቦት መግዛት የማትችል አራስ ሁለት ርግብ ወይም ሁለት ዋኖስ ታምጣ ይላል። ሉቃስ 2፥24 ማርያምና ዮሴፍ ያቀረቡት ይህንኑ ነው፤ የቤቱን ኑሮ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ጥቅስ የለም። ማርቆስ 11፥15 ደግሞ የገንዘብ ለዋጮቹን ጠረጴዛና የርግብ ሻጮቹን ወንበር ገለበጠ ይላል፤ ከሻጮቹ ሁሉ በስም የተለዩት የድኻ መሥዋዕት ሻጮች ናቸው። ሚሽና ውስጥ ቁልጭ ያለ ምስክር አለ፦ በኢየሩሳሌም የጥንድ ርግብ ዋጋ ወደ ወርቅ ዲናር (25 የብር ዲናር) ወጥቶ፣ የአይሁድ መምህር ረባን ስምዖን ወልደ ገማልያል ዋጋው ሳይወርድ አላድርም ብሎ ማለ፤ አምስት ጊዜ የወለደች ሴት አንድ መሥዋዕት ብቻ ብታቀርብ ይበቃታል ብሎ ቢደነግግ ዋጋው በዚያው ቀን ከአንድ የብር ዲናር በታች ወረደ። ለድኻዋ አራስ የ25 ቀን ሥራ ነበር ማለት ነው።

የመበለቲቱ ሁለት ሌፕቶን አንድ ኮድራንጤስ ነው፤ የ12 ሰዓት ቀን ለ64 ሲካፈል ከ11 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ዳቦ ቢገዛበት አምስት እጅ አንዱን አይሞላም። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ስብከት ከሚጠቀሱ ጥቅሶች አንደኛው ይህ ነው፤ እኔ አልወድም። ማርቆስ 12፥40 የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ጻፎች ይወቅሳል፣ 12፥42 ላይ መበለቲቱ ትመጣለች፣ 13፥2 ላይ ያ ገንዘብ የሚገባበት ሕንጻ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማይቀር ይነገራል። ልቧን አመስግኗል፤ ኑሮዋን ሁሉ እንድትጥል ያደረጋትን አሠራር ግን አላመሰገነም። ከ12፥41 ጀምሮ ከ12፥44 ላይ ማቆም የጥቅሱን ሁለቱንም ጎን መቁረጥ ነው።

አሁን አንቆ የሚይዘው። የመክሊቱ ምሳሌ (ማቴዎስ 25) እና የምናኑ ምሳሌ (ሉቃስ 19) እስካሁን ከተሰላው ሁሉ ጋር ይጋጫሉ። ላለው ይጨመርለታል፣ ከሌለው ያው ያለው ይወሰድበታል። ቁጥሩን አስቀምጡ፦ የማቴዎስ ሦስተኛ ባሪያ የተቀበለው አንድ መክሊት፣ 6,000 ዲናር፣ የ20 ዓመት ሥራ። ሉቃስ ውስጥ አሥሩም ባሪያዎች እኩል አንድ አንድ ምናን፣ የ100 ቀን ሥራ ነው የተቀበሉት። በማቴዎስ ትርፉ እጥፍ ነው፣ በሉቃስ አንዱ ምናን አሥር ምናን አተረፈ። በዳቦና በዘይት ዘመን አንዱን በአሥር ማባዛት በምን ሥራ እንደሚቻል አስቡት።

ከዚያ ጌታው ገንዘቤን ለለዋጮች ብትሰጥ ከወለዱ ጋር እወስደው ነበር ይላል። ዘጸአት 22፥25 እና ዘዳግም 23፥19 ከወንድም ወለድ መውሰድን ይከለክላሉ። መክሊቱን መሬት ውስጥ የቀበረው የማቴዎስ ባሪያም ሞኝ አልነበረም፤ ሚሽናን በሚያብራራው የአይሁድ መጽሐፍ በታልሙድ ገንዘብ የሚጠበቀው በመሬት ውስጥ ብቻ ነው የሚል ውሳኔ አለ። በጨርቅ የጠቀለለው የሉቃሱ ግን እንደዚያ አልተጠነቀቀም። ስለዚህ ክፉና ሰነፍ የተባለው ሰው ሕጉን ጠብቆ ነው፤ ያተረፉት እንዴት እንዳተረፉ አልተነገረም።

የአበው ትርጓሜ መክሊቱን ጸጋ ያደርገዋል፤ በማቴዎስ ዙሪያው ስለ መትጋት ስለሆነ ይስማማል። ሉቃስ ላይ ግን ተጨማሪ ነገር አለ። መስፍኑ መንግሥት ሊቀበል ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል፣ ዜጎቹ ይጠሉታልና ከኋላው መልእክተኛ ይልካሉ፣ ሲመለስ ያሳርዳቸዋል። ይህ የአርኬላዎስ ታሪክ ነው። በ4 ቅ.ል.ክ. አባቱ ሄሮድስ ሲሞት ሹመት ሊቀበል ሮም ሄደ፤ አንመርጠውም የሚሉ 50 መልእክተኞች ተከተሉት፣ በሮም የሚኖሩ ከ8,000 የሚበልጡ አይሁድም አብረዋቸው ቆሙ። አውግስጦስ የመንግሥቱን ግማሽ ሰጠው፣ በ6 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሽሮ ወደ ጋሊያ ሰደደው። አርኬላዎስ አሳምሮ ያሠራው ቤተ መንግሥት ኢያሪኮ ነበር። ሉቃስ ምሳሌው የተነገረው ከኢያሪኮ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ ነው ይላል።

ከዚህ ተነሥቶ መስፍኑን የእግዚአብሔር ምሳሌ ማድረግ ትክክል አይደለም የሚሉ አሉ፤ በመጨረሻ የሚመለሰውን ንጉሥ የሚያዩበትም አሉ። እኔ ሉቃስ ላይ ወደ መጀመሪያዎቹ አዘነብላለሁ፤ ማቴዎስ ላይ ግን እንደዚያ ለማንበብ አልደፍርም። ለሁለቱ አንድ ትርጓሜ አትስጧቸው፣ በሁለት የተለያዩ ገጾች ይቀመጡ።

የሉቃሱን ገጽ ስትሞሉ ስድስተኛው ዓምድ ላይ ከ19፥11 በፊት ያለውን አትርሱ፤ «ይህንም ሲሰሙ» ብሎ ነው ምሳሌውን የሚጀምረው። ሲሰሙ የነበረው የዘኬዎስን ቃል ነው፦ ካለኝ ሁሉ እኩሌታውን ለድኾች፣ በሐሰት የከሰስኩት ካለ አራት እጥፍ። ዘኍልቍ 5፥7 በራሱ ለተናዘዘ የሚያዘው የወሰደውን መልሶ አንድ አምስተኛ እንዲጨምር ብቻ ነው፤ አራት እጥፍ ዘጸአት 22፥1 ለተሰረቀ በግ ያስቀመጠው ቅጣት ነው። ሂሳቡን ሥሩት። ያለው 800 ምናን ቢሆን 400ው ለድኾች ይሄዳል። በቀረው 400 አራት እጥፍ መመለስ የሚችለው 100 ብቻ ነው፤ ከሀብቱ ስምንት እጅ አንዱ። የቀራጮች አለቃ ነው፣ ባለጠጋም ነው፤ ከስምንት እጅ አንዱ በላይ በማስጨነቅ የመጣ ከሆነ ቃሉን ሲፈጽም እጁ ላይ አንድም ምናን አይተርፍም።